ፈረስ አጎቴ ነው

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ብለው ቢጠይቋት «ፈረስ አጎቴ ነው» ብላ መለሰች ይባላል። ይህን ተረት አባቶቻችን የተረቱት፥ የትውልዱን ነገር በተጠየቀ ጊዜ ዝቅ ያለውን ወገን ሰውሮ ከፍ ያለውን ብቻ ለሚጠራ ሰው ነው። እኛ ግን ተረቱን በሰማን ቍጥር የበቅሎይቱ ብልኅነት ያስደንቀናል፤ የተናገረችው ሐሰት አይደለምና። እናቷ ባዝራ ስለ ሆነች ፈረስ በእርግጥ አጎቷ ነው። ጥፋት ከተባለ ጥፋቷ፥ የተጠየቀችውን ትታ ያልተጠየቀችውን መመለሷ ብቻ ነው።

በዘመናችን ይህን የበቅሎ መልስ እንደ መኪና ነጋዴ አጥብቆ የያዘው ሰው ያለ አይመስለንም። ዋጋው ዝቅ ያለ መኪና የሚሸጥ ሰው ስለ መኪናው ብቻ አይናገርም፤ ሁልጊዜ አንድ ትልቅ ጎረቤት አጠገቡ ያቆምለታል። «ከእገሌ አያንስም፤ እገሌ ያለው ሁሉ አለው፤ ዋጋው ግን የእገሌ ግማሽ ነው» ይላል። እገሌ የተባለው ውዱ መኪና በዚያ ስፍራ ባይኖርም ስሙ ይሠራል። «ትንሽ ቆሎ ይዘህ ወደ አሻሮ ተጠጋ» ያሉት አበው የዛሬውን ማስታወቂያ ያዩት ይመስላል።

ስለ መኪና ማስታወቂያ መጻፍ ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ የምንኖረው ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፥ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ነው። አገሩ የጤፍ አገር ነው። ገበሬው በጥር ጤፉን ሸጦ፥ መምህሩ ዕቁቡ ደርሶት፥ ጎረምሳው የአባቱን በሬ አሽጦ ገንዘብ በእጁ በሚይዝበት ሰሞን ከሚያማክራቸው ነገሮች አንዱ መኪና ነው። ያ ገንዘብ ደግሞ ዳግመኛ የሚገኝ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ መኪናው የሚሸጥበት ቃል እርሱን በብርቱ ይመለከተዋል።

በቀድሞው ዘመን በዚህ አገር የመጓጓዣ ማዕረግ የታወቀ ነበር። አህያ ይጫናል፤ ፈረስ ለዘመቻና ለጉግስ ነው፤ መኳንንቱና ታላላቁ ካህን ግን ግላስ በለበሰች ሰጋር በቅሎ ይቀመጡ ነበር። እንዲያውም መልካም ሰጋር በቅሎ ዋጋዋ ከብዙ ፈረስ ይበልጥ ነበር። ይህን ስናስብ በቅሎይቱ አጎቷን መጥራት ባላስፈለጋትም ነበር እንላለን፤ ገበያው ካባቷም ካጎቷም አስበልጧት ነበርና። ማዕረግ በገበያና በአገር የሚለዋወጥ ነገር መሆኑን ኋላ እንመለስበታለን።

መኪና ራሱ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በፉክክር ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለውን መኪና እየነዳ፥ አርኖልድ ሆልትስ የተባለው ጀርመናዊ ደግሞ ናኬ የተባለውን መኪና ይዞ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ መጡ። መንገድ በሌለበት አገር፥ በሬና ሰው እየጎተታቸው ጭምር የመጡት እነዚህ ሁለት መኪናዎች የየአገራቸውን ፋብሪካ ስም ከንጉሥ ፊት ለማድረስ የተሰደዱ ነበሩ። ዛሬ ሁለቱንም ስሞች በአገራችን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ንጉሥ ፊት መድረስ ገበያ መድረስ አይደለምና።

ትንሹ መኪና በትንሽነቱ ሳያፍር ገበያ የወጣበትን ታሪክ ለመናገር ግን ወደ ቮልስዋገን መሄድ ግድ ይሆናል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት አሜሪካኖች መኪናቸውን ከዓመት ወደ ዓመት ያስረዝሙ፥ ያሰፉና በሚያብለጨልጭ ብረት ያስጌጡ ነበር። በ1959 የወጣው ካዲላክ በስተኋላው እንደ ዓሣ ክንፍ ወደ ላይ የቆመ ጌጥ ነበረው፤ ለምን እንደሚጠቅም የሚናገር ግን አልነበረም። በዚያው ዓመት ዶይል ዴን በርንባክ የተባለው የኒው ዮርክ የማስታወቂያ ድርጅት የቮልስዋገንን ሥራ ተቀበለ። ያወጣው ማስታወቂያ አንድ ሙሉ ገጽ ነጭ ወረቀት ነበር፤ ከላይ በማዕዘኑ አንዲት ጥንዚዛ የምታህል መኪና ተቀምጣለች፤ ከሥር «በትንሹ አስብ» የሚል ቃል አለ። ጥቂት ቈይቶ ደግሞ የዚያችኑ መኪና ሥዕል አውጥቶ ከሥሩ «ሎሚ» ብሎ ጻፈበት። አሜሪካኖች ብልሹ ሆኖ የተገኘን መኪና ሎሚ ይሉታል። አንባቢው ደንግጦ ወደ ታች ሲያነብ፥ በዕቃ ማስቀመጫው ክዳን ጌጥ ላይ እንከን ስለ ተገኘ ያ መኪና ከፋብሪካው እንዳይወጣ መከልከሉን ይረዳል። የራሱን ዕቃ ሰድቦ የሚሸጥ ነጋዴ ከዚያ በፊት የታየ አይመስለንም።

እነሆ፥ በዚህ ማስታወቂያ ውስጥ የካዲላክ ስም አንድም ጊዜ አልተነሣም። አንባቢው ግን በየመንገዱ ክንፍ ያወጣውን ረጅም መኪና እያየ የሚያነብ ስለ ነበረ፥ ጎረቤቱን መጥራት አላስፈለገም። የነጩ ወረቀት ስፋት ራሱ ካዲላኩ ነበረ ለማለት ይቻላል።

ነገር ግን ስለ አባቷ የተጠየቀች እንደ ሆነ ቮልስዋገንም አጎቷን ሳትጠራ አልቀረችም። መኪናይቱ የተነደፈችው በሂትለር ዘመን በፌርዲናንድ ፖርሸ እጅ ነው፤ «የሕዝብ መኪና» የሚለው ስሟም ከዚያው ዘመን የወጣ ነው። ጦርነቱ ካለቀ ገና አሥራ አምስት ዓመት አልሞላም ነበር። ማስታወቂያውን ካሠሩት ሰዎች አለቃው ቢል በርንባክ አይሁዳዊ ነበር። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈ የለም፤ ስለ ቤንዚን ቍጠባና ስለ እንከን ፍተሻ ብቻ ተነገረ። አሜሪካኖችም ገዙ። መኪናይቱ በ2003 በሜክሲኮ መሠራቷ እስኪያበቃ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች።

ወደ አገራችንም መጥታ «ቮልስ» ተባለች። መምህሩም፥ ሐኪሙም፥ የመሥሪያ ቤት ሹሙም ያዛት። ሞተሯ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፥ በስተኋላዋ የተቀመጠ ስለ ሆነ ውሃ አትጠጣም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይን በረሃ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል በሚወጣው መንገድ ላይ ውሃው ፈልቶ ክዳኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ማየት የተለመደ ነበርና። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዛሬም ቀለሟን አድሳ ትታያለች።

ከዚያም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። ሮልስ ሮይስና ሌላም ብዙ የክብር መኪና የነበራቸው ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን መውረዳቸው በቤተ መንግሥታቸው ከተነበበላቸው በኋላ በአንዲት ቮልስዋገን የኋላ መቀመጫ ተቀምጠው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። መኪናይቱ ለምን እንደ ተመረጠች ብዙ ይባላል። እኛ ግን መልእክቱ ለሕዝቡ ግልጽ እንደ ነበረ እናስባለን። በሌላ አገር ትንሽነትን ክብር ያደረገችው መኪና በኛ አገር በዚያች ጧት ትንሽነትን ውርደት ለማድረግ ተፈለገች። አንዲት ቈርቆሮ ሁለቱንም ተሸከመች።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በአማርኛ ዋጋው የወረደ ነገር «ርካሽ» ይባላል። ቃሉ የወጣው «ረከሰ» ከሚለው ነው፤ ከዚሁ ሥር «ርኩስ» ይወጣል፤ «ርኩሰት» ይወጣል። ዋጋው የከበደውን ደግሞ «ውድ» እንለዋለን፤ እርሱም ከ«ወደደ» የመጣ ነው፤ «ውድ ልጄ»፥ «ውድ ወንድሜ» ብለን ደብዳቤ የምንጀምርበት ቃል ነው። እንግዲህ በኛ ቋንቋ ዝቅ ያለ ዋጋ መርከስ፥ ከፍ ያለ ዋጋ መወደድ ሆኖ ተገኘ። መዝገበ ቃላቱ ራሱ ከውዱ መኪና ጋር ወግኗል። ርካሽ መኪና የሚሸጥ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ተሸንፏል። በዚህም ምክንያት ነጋዴዎቻችን ቃሉን ይሸሹታል፤ «ዋጋው አይጎዳም» ይላሉ፤ «ቆጣቢ ነው» ይላሉ፤ የተማሩት ደግሞ «ተመጣጣኝ» የሚል ቃል አምጥተዋል። ከምን ጋር ተመጣጣኝ እንደ ሆነ ግን አይናገሩም።

ይህ የኛ ቋንቋ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን ህንድን እንመልከት። ራታን ታታ የተባሉት ባለ ኢንዱስትሪ፥ አባትና እናት ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው በዝናብ በአንድ ሞተር ብስክሌት ሲሄዱ አይተው አዝነው፥ ለእነዚህ ቤተ ሰቦች የሚሆን መኪና ለመሥራት አሰቡ። በ2008 ናኖ የተባለችው መኪና ለሕዝብ ታየች፤ ዋጋዋም 100,000 ሩፒ ነው ተባለ። ዓለም ሁሉ «የዓለም ርካሽ መኪና» ብሎ ጻፈላት። ታሰበችለት የነበረው ሰው ግን አልገዛትም። ጥቂቶቹ በእሳት መያያዛቸው ስሟን መጕዳቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ዋናው ነገር፥ ያ የሞተር ብስክሌት ባለቤት መኪና መግዛት የፈለገው ድኻ ላለመባል እንጂ ድኽነቱን በአራት ጎማ አስጭኖ ለጎረቤት ለማሳየት አለመሆኑ ነበር። በ2018 መሠራቷ ቆመ። ራታን ታታም መኪናይቱ ርካሽ ተብላ ለገበያ መቅረቧ ስሕተት እንደ ነበረ ኋላ ተናግረዋል። በጎ አሳብ በአንድ ቃል ሲወድቅ ያየንበት ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አናውቅም።

ጃፓኖች ሌላ መንገድ ሄዱ። ቶዮታ በ1989 ከጀርመን ታላላቅ መኪናዎች ጋር የሚወዳደር መኪና ሠርቶ አሜሪካ ገበያ ሲያወጣ ስሙን ሌክሰስ አለው እንጂ ቶዮታ አላለውም። በማስታወቂያው ላይ የሻምፓኝ ብርጭቆዎች እንደ ግንብ ተደራርበው በሞተሩ ክዳን ላይ ቆሙ፤ ሞተሩ በኃይል ሲዞር አንዲት ብርጭቆ እንኳ አልወደቀችም። ዋጋው ወደ 35,000 ዶላር ነበር፤ ይህም ከተወዳዳሪዎቹ በብዙ ያነሰ ነው። ይህችማ እውነተኛዋ በቅሎ ናት፤ አባቷን ፈጽማ ደበቀችና። የደቡብ ኮርያው ሀዩንዳይ ደግሞ በ1986 አሜሪካ የገባው በ4,995 ዶላር መኪና ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ሸጠ፤ ወዲያው ግን መኪናው ቶሎ ይበላሻል ተብሎ የቀልድ መነገሪያ ሆነ። ከዚህ የወጣው በቃል ሳይሆን በውል ነው፤ በ1998 ሞተሩን ለአሥር ዓመት ዋስ እሆናለሁ አለ። ይህን ኩባንያ በአገራችን የወከለው የሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በርቀት ሩጫ ስሙን ያስጠራ ሰው ረጅም ዋስትና የሚሰጥ መኪና መሸጡ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

የሌክሰስን ነገር በቢቸና ሻይ ቤት ላንድ ሹፌር ብናወራለት ሳቀብን። «ቶዮታ ነኝ ማለት ያሳፈረው ማን ነው?» አለ። እውነቱን ነው። አሜሪካ ውስጥ የተራ ሰው መኪና ተብሎ የተደበቀው ስም በኛ አገር ፈረሱ ራሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ኮሮላን «ኤግዚኪዩቲቭ» ብሎ የሚጠራ ሕዝብ፥ ላንድክሩዘርን በሞተሩ ቍጥር «ቪ ኤይት» ብሎ እንደ ማዕረግ ስም የሚጠራ ሕዝብ፥ ለቶዮታ ሌላ ስም አያስፈልገውም። እኛ አገር ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆና የኖረችው ላዳም እንዲሁ ናት፤ አጎቷ በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ የተመረጠው ፊያት 124 ነው ብንል ማን ያምነናል? ሩሲያኖች የሠሯት ግን በርሱ ንድፍ ነው።

በአገራችንም አጎት ከውጭ ሳይፈልግ ከቤቱ የፈለገ አንድ ፋብሪካ ነበረ። ሞጆ ላይ የተቋቋመው ሆላንድ ካር ከውጭ በመጡ ክፍሎች የሚገጣጥማቸውን መኪናዎች በወንዞቻችን ስም ጠራቸው፤ ዓባይ፥ አዋሽ፥ ተከዜ። ዓባይ የተባለችው የቻይናው ሊፋን 520 ነበረች። ለኛ የዓባይ ማዶ ሰዎች ይህ ስም ልብ የሚነካ ነው፤ ቢሆንም ወንዙን የሚያውቀው ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መለዋወጫው የት ይገኛል?» ብሎ ነው። ፋብሪካው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ተዘጋ። ሊፋን በራሱ ስም በአገራችን መገጣጠሙን ቀጠለ፤ እርሱም በ2020 በአገሩ በዕዳ ምክንያት ፍርድ ቤት ደርሷል። 320 የተባለችው ትንሿ ሊፋን ሚኒ የተባለውን የእንግሊዝ መኪና ቍርጥ ትመስላለች። ይህ አጎትን መጥራት አይደለም፤ የአጎትን ልብስ መልበስ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። በ2014 ዓ.ም. በጥር አንድ የቢቸና መምህር ጓደኛችን ከሞጣ ልጃገረድ አጭቶ ነበርና፥ ለሠርጉ ነገር ለመነጋገር እኛም ከሽማግሎቹ ጋር ሄድን። መምህሩ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በዕቁብ ገንዘብ የገዙት አንድ ባጃጅ ነበራቸው። ባጃጁ እንደ ብዙዎቹ ባጃጆች በፊቱ ላይ የመርሴዲስ ኮከብ ተለጥፎበታል፤ በስተኋላው ደግሞ «ቪ ኤይት» የሚል ጽሕፈት አለበት። የጻፈው ታናሽየው ነው። እኛ ይህን ጽሕፈት ከታላላቆቹ ማስታወቂያዎች ሁሉ ይልቅ እንወደዋለን፤ ሊያታልል የማይፈልግ ቀልድ ነውና። ባለ ሦስት እግሯ ራሷን ቪ ኤይት ስትል የምትሥቀው በራሷም በቪ ኤይቱም ነው።

የጥሎሹ ነገር ካለቀ በኋላ ከሽማግሎቻችን አንዱ «ሙሽራይቱን የምናወጣት ባጃጁን አስጊጠን ቢሆንስ?» ብሎ አነሣ፤ መምህሩ ዕዳ እንዳይገባ በማሰብ ነው። የልጅቱ አባት ጥቂት ዝም አሉና «ጌቶቼ፥ ልጄን በሦስት እግር ከቤቴ አታወጧትም» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሽማግሌው «አባታችን፥ ዘመኑ ተለውጧል እኮ» ቢላቸው «እናቷን ያመጣኋት በሰጋር በቅሎ ነው፤ ያችም የሰው ነበረች፤ ለምኜ ነው ያመጣኋት» ብለው መለሱ። ከዚህ በኋላ የሚመልስላቸው አልነበረም።

ስለዚህ ከባሕር ዳር አንድ ነጭ ላንድክሩዘር ለሁለት ቀን ተከራየ። ኪራዩ የመምህሩን የሁለት ወር ተኩል ደመወዝ ያህል ነበር። መኪናው መጣ፤ ታጠበ፤ አበባ ታሠረለት፤ የሞጣ ልጆች ከኋላው ሮጡ፤ እናቶች እልል አሉ። እኛም ከሚዜዎቹ ጋር ተሳፈርን። መቀመጫው እጅግ የሚመች ነበር፤ ከሞጣ እስከ ቢቸና የጎድን አጥንታችን አንድ ጊዜ እንኳ አላስቸገረን። ውድ ነገር ከንቱ ነው ብለው የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያልተቀመጡበት ናቸው። መምህሩ ግን በመንገድ ላይ የሹፌሩን የፍጥነት መለኪያ ሳይሆን የተጓዘውን ኪሎ ሜትር ይቈጥር ነበር፤ ከተወሰነው በላይ ከሄደ ጭማሪ አለውና።

በዚያው ዓመት በነሐሴ የልጅቱ እናት ታመሙ። ቤታቸው ከሞጣ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። የዚያ አገር አፈር መረሬ እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃል፤ በክረምት የረገጠውን እግር ይዞ የሚያስቀር ነው። ታናሽየው ባጃጁን ይዞ ገሥግሦ ሄደ፤ ነገር ግን ጠጠሩ ባለቀበት ባጃጁም አለቀ። ጎማዎቿ እንደ ገንፎ ሠሪ ማማሰያ ጭቃውን እያማሰሉ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቶች ሴትዮዋን በቃሬዛ ተሸክመው አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ተጕዘው ጠጠሩ ድረስ አመጧቸው፤ ከጠጠሩ እስከ ሆስፒታሉ ያደረሰቻቸው ባጃጅዋ ናት። ዳኑ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትየው በሆስፒታሉ ደጅ ቆመው በጭቃ የተለበጠችውን ባጃጅ እያዩ «ያ ነጩ መኪና ዛሬ የት አለ?» አሉ። ይህን ያሉት የሠርጉን ኪራይ ነቅፈው ይሁን፥ ወይስ ያ መኪና ቢኖር ኖሮ እስከ ደጃቸው በገባ ነበር ብለው ተጸጽተው፥ እስከ ዛሬ አልጠየቅናቸውም። ሁለቱም እውነት ነውና።

ይህን የምንናገረው ስለ አንድ ነገር ነው። በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ አንድ ሰው ብቻ ይዞ የሚሄድ ላንድክሩዘር ቅንጦት ነው፤ ይኸው መኪና በነሐሴ በመረሬው ላይ ግዴታ ነው። እንግዲህ ርካሹ መኪና «እኔም እንደ እርሱ ነኝ» ሲል፥ እንደ እርሱ መሆን በምን በኩል ነው ብሎ መጠየቅ የገዢው ፈንታ ነው። በወንበሩ ቆዳ ነው? በመስኮቱ ማብሪያ ማጥፊያ ነው? ወይስ ጭቃ በማለፍ? ማስታወቂያዎቹ ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት አብዝተው ይናገራሉ።

መንግሥትም በበኩሉ ይህን ፉክክር በቀረጥ ገብቶበታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ቍጥር 1186 ባረጁ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ ትንሽ ሞተር ያላቸውን አዲስ መኪናዎች ግን አቀለለላቸው። ከዚህ በኋላ የሞተሯ መጠን 1,197 ሲሲ የሆነችው ሱዙኪ ዲዛየር በአዲስ አበባ የታክሲ ሥራ ላይ በረከተች። ማስታወቂያ ያላደረገውን አንድ አንቀጽ አደረገው። ቀድሞ የገባች አሮጌ ቪትዝ የያዘ ሰውም ሳያስበው ባለ ሀብት ሆነ፤ መኪና በአገራችን ከመጓጓዣነቱ ይልቅ እንደ ወርቅ የሚቀመጥ ዕቃ መሆኑ ከዚህ ወዲህ ብሶበታል።

በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። እነሆ፥ በአንድ ቃል የማዕረጉ ተራ ተዘበራረቀ። ቢዋይዲ የተባለው በ1995 በሼንዤን ባትሪ በመሥራት የተጀመረው የቻይና ኩባንያ፥ በ2011 የቴስላው ዋና ሥራ አስኪያጅ ኢሎን መስክ ስሙ ሲነሣባቸው በቴሌቪዥን ፊት የሣቁበት ነው፤ በ2023 የመጨረሻ ሦስት ወራት ግን በባትሪ ብቻ የሚሄዱ መኪናዎችን በመሸጥ ቴስላን በለጠ። የእርሱና የመሰሎቹ መኪናዎች ዛሬ በአዲስ አበባ በብዛት ይታያሉ። እነዚህ መኪናዎች እንደ አጎት የሚጠሩት ማንን እንደ ሆነ ገና አልታወቀም፤ በኛ አገር ገዢ ዘንድ ቴስላ ፈረስ አይደለም፤ ላንድክሩዘር ነው ፈረሱ። ስለዚህ ሻጮቹ «ባንድ ሌሊት የመብራት ዋጋ ይህን ያህል ትሄዳለህ» ብለው ከቤንዚን ጋር ማወዳደርን መርጠዋል። ይህ ከቮልስዋገን ወዲህ የሰማነው ቀናው መልስ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም፤ የተጠየቀውን መልሷልና።

በኛ በኩል ግን ነገሩ ገና ሩቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ አንድ ጊዜ ሲዘጋ አንድ ጊዜ ሲከፈት፥ መኪና የሚገዛ ሰው ከሞተሩ በፊት የሚያስበው ሌላ ብዙ ነገር አለው። መብራትም ቢሆን ሲመጣ ነው የሚመጣው። ቢሆንም ወሬው ደርሷል። በቅርቡ በሞጣ ጋራዥ በር ላይ አንድ ነጋዴ በስልኩ የኤሌክትሪክ መኪና ሥዕል እያሳየ ለአንድ ሸምገል ላለ መካኒክ «አያ፥ ይህ እኮ ዘይት አይቀየርለትም፤ ካንዴላ የለውም፤ ፍሪሲዮን የለውም፤ ከማርሴዲስ ምንም አይለይም» ይለው ነበር። መካኒኩ ስልኩን በሁለት ጣቱ ይዞ፥ በዘይት እንዳያቆሽሸው ተጠንቅቆ፥ ብዙ ጊዜ ተመለከተው።

«መልካም ነው» አለ። «ታዲያ እኛ ምን ልንበላ ነው?»

ነጋዴው ሣቀ። መካኒኩ አልሣቀም፤ ስልኩን መለሰለትና ወደ አይሱዙው ሥር ተመልሶ ገባ።